የሕፃን ሆድና የሕፃን ምግብ፤ በአንዲት መንደር የተደረገ የብዙ ዓመት ምርመራ

ሕፃን ልጅ ሲከሳ፤ ዐጥንቱ ሲወጣ፤ ጠጕሩ ሲሳሳ ያየ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚናገረው ቃል «ምግብ ጐድሎት ነው» የሚል ነው። ይህ ቃል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ብዙ ጊዜ በሕፃኑ ሆድ ውስጥ ከምግቡ የሚካፈል፤ በዐይን የማይታይ ሌላ በላተኛ አለ፤ ይኸውም የሆድ በሽታ ነው። እናቲቱ ደክማ ያዘጋጀችውን ምግብ በሽታው ሲነጥቃት፤ ጎረቤት ደግሞ «ልጅዋን አታበላም» እያለ ያማታል። ስለዚህ ሕፃኑ በበሽታ፤ እናቲቱም በሐሜት ይጐዳሉ።

ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው፤ የሆድ በሽታና ምግብ እንዴት እንደሚገናኙ ለማወቅ ሲሉ አንዲትን መንደር ለብዙ ዓመታት ስለ ተከታተሉት ስለ ዶክቶር ሌኦናርዶ ማታና ስለ ባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። ነገሩ የተፈጸመው ከኛ እጅግ በራቀ አገር፤ በማእከላዊ አሜሪካ በጓቴማላ ነው፤ ነገር ግን የተገኘው ትምህርት ሕፃን ላለበት ቤት ሁሉ የሚጠቅም ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የምርመራው መነሻ

በ1949 ዓ.ም. የማእከላዊ አሜሪካ መንግሥታትና ፓናማ ተባብረው በጓቴማላ ከተማ አንድ የምግብ ምርመራ ኢንስቲቱት አቆሙ። የመዠመሪያው ዲሬክተር አሜሪካዊው ሐኪም ዶክቶር ኔቪን ስክሪምሾ ነበሩ። እኒህ ሐኪም በምግብ ጕድለት ሰውነታቸው አብጦና ተጐሳቍሎ ወደ ሆስፒታል የሚመጡትን ሕፃናት ሲመረምሩ አንድ ነገር ደጋግመው አስተዋሉ። ሕፃናቱ ከብዙ ጊዜ ዠምሮ በቂ ምግብ ሳያገኙ የኖሩ ናቸው፤ ነገር ግን በመጨረሻ ከአልጋ ላይ የጣላቸው ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ወይም ኩፍኝ ነበር። እንግዲህ ጥፋተኛው ረኃብ ነውን? ወይስ በሽታ ነውን? ጥያቄው ይህ ሆነ።

ይህን ለመለየት ሦስት የገጠር መንደሮች ተመረጡ። ምርመራውም ከ1959 እስከ 1964 ቈየ። ሳንታ ካታሪና ባራኦና በተባለችው መንደር ለሕፃናቱ ተጨማሪ ምግብ ይሰጥ ነበር። ሳንታ ክሩስ ባላንያ በተባለችው ሕክምናና የንጽሕና ምክር ይሰጥ ነበር። ሳንታ ማሪያ ካውኬ የተባለችው ሦስተኛዪቱ ግን ከሁለቱ ጋራ እንድትነጻጸር በቀድሞ ኑሮዋ እንዳለች ቀረች።

የተገኘው ውጤት ለሁለቱም ወገን አስተሳሰብ ትምህርት የሚሰጥ ነበር። ምግብ በተሰጠባት መንደር የሕፃናት ሞት ቀነሰ፤ እድገታቸውም በጥቂቱ ተሻሻለ፤ ሆኖም ተቅማጡ መመላለሱን ስላልተወ ሕፃናቱ ጤናማ ልጅ ሊደርስበት ከሚገባው እድገት ሳይደርሱ ቀሩ። ሕክምና በተሰጠባት መንደርም በሽታው እንደ ቀድሞው ይመላለስ ነበር፤ መድኃኒት የታመመውን ይረዳል እንጂ የሚጠጣውን ውኃ፤ የቤቱን ወለል፤ የማእድ ቤቱን ልማድ አይለውጥምና። ምግብ ብቻውን፤ ሕክምናም ብቻውን እንደማይበቃ በዚህ ታወቀ። በ1968 ዓ.ም. ዶክቶር ስክሪምሾ ከዶክቶር ቴይለርና ከዶክቶር ጎርደን ጋራ ሆነው ይህን የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አሳተመው። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ፤ የምግብ ጕድለትና ተላላፊ በሽታ አንዱ ሌላውን የሚያበረታ መሆኑን፤ ሁለቱ በአንድነት የሚያደርሱትም ጕዳት የየብቻቸው ጕዳት ቢደመር ከሚሆነው እንደሚበልጥ የሚያስረዳ ነው።

አንዲት መንደር፤ አንድ በአንድ

በዚህ ጊዜ ነው የዶክቶር ማታ ሥራ ጐልቶ የሚታየው። እኒህ ሊቅ በ1933 ዓ.ም. በኮስታ ሪካ ተወለዱ። ትምህርታቸውም በዐይን ስለማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት፤ ማለት ሚክሮብ ስለሚባሉት ነው። በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፤ በጓቴማላው ኢንስቲቱት ሲያገለግሉ፤ ለማነጻጸሪያ ቀርታ ወደ ነበረችው ወደ ሳንታ ማሪያ ካውኬ ፊታቸውን አቀኑ።

ሳንታ ማሪያ ካውኬ በደጋ ላይ ያለች መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ካክቺኬል የሚባሉ የማያ ነገድ ሕዝብ፤ በቆሎና ባቄላ የሚዘሩ ገበሬዎች ናቸው። የዘወትር ምግባቸው ቶርቲያ የሚባል ከበቆሎ የሚጋገር ስስ ቂጣ፤ ባቄላ፤ ቡናም ነበር። ዶክቶር ማታና ባልደረቦቻቸው ከ1964 እስከ 1972 ዓ.ም. በዚች መንደር የሚወለዱትን ሕፃናት ተከታተሉ። ከነዚህም መካከል 45ቱን ሕፃናት ከተወለዱበት ሰዓት ዠምሮ እጅግ በጠለቀ ምርመራ ያዟቸው።

ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። የመንደሯ አዋላጆች ከመርማሪዎቹ ጋራ ተባበሩ። ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሕፃኑ ምን እንደ በላ፤ ትኵሳት እንደ ያዘው፤ እንዳስቀመጠው፤ እንዳስታወከው ይጽፉ ነበር። ሕፃኑ በየጊዜው ይመዘናል፤ ቁመቱም ይለካል። ዐይነ ምድሩ በየሳምንቱ እየተወሰደ፤ ሕፃኑ ታሞም ሆነ ደኅና ሆኖ፤ ምን ዐይነት ሚክሮብ በሆዱ እንዳለ በላቦራቶሪ ይመረመር ነበር። ይህ ሁሉ ያለ እናቶቹ ፈቃድና መልካም ልብ ሊሆን አይችልም ነበር። በሩን ዘግታ «አልፈልግም» ለማለት የምትችል እናት በየሳምንቱ በሯን መክፈቷ፤ ለሊቃውንቱ ሥራ ግማሹን ያህል ዋጋ ያለው ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ምርመራው የገለጸው ነገር

የመዠመሪያው ግኝት ጕዳቱ ከመወለድ በፊት የሚዠምር መሆኑ ነው። ከ100 ሕፃናት 40 ያህሉ ሲወለዱ ክብደታቸው ከ2500 ግራም በታች ነበር። እናቶቹ ራሳቸው በልጅነታቸው ያላደጉ፤ አጭርና ደቃቃ ነበሩ፤ በእርግዝናም ጊዜ ሥራቸው አይቀንስላቸውም ነበር። እንግዲህ የልጅ ጤና የሚዠምረው በእናት ገበታ ላይ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ግኝት የእናት ጡት ያለው ኀይል ነው። የመንደሯ ቤቶች ድኾች፤ ንጽሕናቸውም የጐደለ ሲሆን፤ ጡት ብቻ የሚጠቡት ሕፃናት በመዠመሪያዎቹ ወራት መልካም ያድጉ ነበር። በሆዳቸው ውስጥ የሚበዙት ሚክሮቦች ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉት፤ ለሕፃኑ ረዳት የሆኑት ዐይነቶች ነበሩ። ደም የሚያስቀምጠው ሺጌላ የተባለው ሚክሮብ ጡት ብቻ በሚጠባ ሕፃን ላይ የሚያይለው በጥቂቱ ነበር። ከወሊድ በኋላ መዠመሪያ የሚወጣው ወፍራም ቢጫ ወተት፤ ማለት እንገሩ፤ በሽታን የሚከላከል ኀይል የሞላበት ነው። ያች ድኻ እናት በቤቷ ሐኪምና መድኃኒት ባይኖራትም፤ በደረቷ ላይ ሁለቱንም ይዛ ነበር።

ሦስተኛው ግኝት የክፉው ዘመን መዠመሪያ መቼ እንደ ሆነ ነው። ይኸውም ሕፃኑ ከጡት በላይ ሌላ ምግብ መቅመስ የሚዠምርበት ጊዜ ነው። የሳንታ ማሪያ ካውኬ እናቶች ጡት በአንድ ቀን አያስጥሉም፤ ቀስ በቀስ እያደረጉ እስከ ሁለተኛውና እስከ ሦስተኛው ዓመት ያጠቡ ነበር። ነገር ግን በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ የሚሰጠው ምግብ ቀጭንና ጥቂት፤ ከዚያም በላይ ንጽሕና የጐደለው ነበር። ሕፃናቱ በተቅማጥ ደጋግመው ይያዙ ዠመር፤ ሺጌላ፤ ጃርዲያ፤ ወስፋትና ሌሎችም በየተራ፤ አንዳንድ ጊዜም በአንድነት በአንድ ሆድ ውስጥ ይገኙ ነበር።

ከዚህ ላይ ዶክቶር ማታና አንዲት ባልደረባቸው በ1975 ዓ.ም. ያሳተሙት ስለ ቶርቲያ የተደረገው ምርመራ ለቤት እመቤቶች እጅግ የሚጠቅም ነው። በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ እንደ ወጣ የሚገኝበት ሚክሮብ ጥቂት ነው። ሲፈጭና በእጅ ሲቦካ ግን ሚክሮቡ ይበዛል። በምጣድ ላይ ሲጋገር እሳቱ አብዛኛውን ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ቂጣው በእጅ እየተነካካ ሲቈይ፤ ሲያድርም፤ የቀረው ሚክሮብና አዲስ የገባው እንደገና ተራብቶ ከቀድሞው ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ ቤት፤ በአንዲት እናት እጅ፤ ከአንድ ሊጥ የተሠራ ምግብ ከምጣድ እንደ ወረደ ለሕፃኑ ሕይወት ሲሆን፤ ሲያድር ግን ለበሽታ መንገድ ይሆናል።

አንድ ሥዕል የሚናገረው

ከዶክቶር ማታ ሥራ ሁሉ በየአገሩ የሕክምና ትምህርት ቤት በይበልጥ የታወቀው አንድ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ስሙ ያልተጠራ፤ ቍጥር ብቻ የተሰጠው የአንድ ሕፃን የክብደት መሥመር ነው። ከላይ ጤናማ ልጅ ሊያድግበት የሚገባው መሥመር ተሥሏል፤ ከሥሩ የዚያ ሕፃን መሥመር አለ፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ ሕፃኑን የያዘው በሽታ ሁሉ ጊዜው እየተለየ ተመልክቷል።

መዠመሪያ መሥመሩ ያለ ችግር ይወጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ተቅማጥ ይመጣል፤ መሥመሩ ይቆማል። ሕፃኑ ሲያገግም ጥቂት ከፍ ይላል፤ የጐደለውን ሳይሞላ ሌላ ተቅማጥ፤ ከዚያም የሳንባ ሕመም፤ ከዚያም ኩፍኝ ይደርስበታል። ከላይ ያለው መሥመር እየራቀው ይሄዳል። ሥዕሉን ያየ ሰው ሕፃኑን ያቀጨጨው አንድ ትልቅ ረኃብ እንዳልሆነ፤ ብዙ ትናንሽ በሽታዎች ሳይጠገኑ ተደራርበው እንደ ሆነ ወዲያው ያስተውላል።

በሽታ ምግብን የሚቀማው እንዴት ነው? ብለን ብንጠይቅ፤ መንገዱ አራት ነው። አንደኛ፤ የታመመ ሕፃን የመብላት ፍላጎቱ ይዘጋል። ሁለተኛ፤ አንጀቱ ስለ ቈሰለ የበላውን በሚገባ አይስበውም። ሦስተኛ፤ ከሰውነቱ ውኃ፤ ጨውና ጠቃሚ ምግብ በተቅማጥ ይፈስበታል። አራተኛ፤ ትኵሳቱ በሰውነቱ ያጠራቀመውን ኀይል እንደ ማገዶ ያነደዋል። በነዚህ በአራቱ ላይ የሰው ልማድ አምስተኛ ይጨምርበታል፤ ይኸውም «ሆዱ ይረፍ» በማለት ምግብ መከልከል ነው። የሚከለክሉት በፍቅር ነው፤ ነገር ግን በሽታው የዠመረውን ሥራ ያግዙታል።

በ1969 ዓ.ም. ደግሞ በማእከላዊ አሜሪካ ብርቱ የደም ተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሣ። ብዙ ሐኪሞች መዠመሪያ በአሜባ የሚመጣ መስሏቸው በዚያው መድኃኒት ያክሙ ነበር፤ ሕመምተኞቹ ግን አልዳኑም። ዶክቶር ማታና ሌሎች መርማሪዎች በላቦራቶሪ ሲመረምሩ፤ ጠንቁ ጃፓናዊው ሊቅ ኪዮሺ ሺጋ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያገኙት የሺጋ ባሲል ሆኖ ተገኘ፤ ሚክሮቡም የተለመዱትን መድኃኒቶች የሚቋቋም ነበር። በጓቴማላ ብቻ በዚያ ዓመት የሞተው ሰው ከ10 ሺህ በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። በሽታን በስሙ ለይቶ ማወቅ የላቦራቶሪ ሰዎች ጨዋታ ሳይሆን፤ የሞትና የሕይወት ጕዳይ መሆኑ በዚህ ታየ።

ከጓቴማላ ወደ ኮስታ ሪካ

ዶክቶር ማታ የሳንታ ማሪያ ካውኬን ምርመራ በ1978 ዓ.ም. «የሳንታ ማሪያ ካውኬ ልጆች» በተባለ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙት። እርሳቸው ግን ከዚያ በፊት ወደ አገራቸው ወደ ኮስታ ሪካ ተመልሰው፤ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የቆመውን የጤና ምርመራ ኢንስቲቱት መምራት ዠምረው ነበር። በፑሪስካል አውራጃም እንደ ቀድሞው የሚወለዱትን ሕፃናት መከታተል ቀጠሉ።

በዚያ ያዩት ግን የጓቴማላውን ተቃራኒ ነበር። በኮስታ ሪካ በ1970 ዓ.ም. ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 60 ያህል ነበሩ፤ በ1980 ዓ.ም. ግን ወደ 20 ወረዱ። በነዚያ ዓመታት ንጹሕ ውኃ በገጠር ተዳርሷል፤ የጤና ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት ይዞሩ ነበር፤ ክትባት ተስፋፍቷል፤ እናቶችም ተምረዋል። ዶክቶር ማታ ይህን ይዘው ያስረዱ የነበረው፤ የሕፃናቱ ሰውነት የተሻሻለው ይበልጡን በገበታው ላይ አዲስ ነገር ስለ ተጨመረ ሳይሆን፤ የበሉት ምግብ በበሽታ መነጠቁን ስለ ተወ ነው በማለት ነው። የተራበውን ማብላት አይገባም ማለታቸው ግን አልነበረም፤ በቀዳዳ እንስራ ውኃ የሚቀዳ ሰው ቀዳዳውን አስቀድሞ ይድፈን ማለት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ ለኛ አገር ቤቶች ሩቅ ወሬ አይደለም። በ2019 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ቈጠራ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት 100 ሕፃናት መካከል 37ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። በአንዳንድ ስፍራ እንገሩን አፍስሶ ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥ፤ ለጥቂት ወራት ሕፃንም የአብሽ ውኃ መስጠት ልማድ ነው። ልማዱን ያቈዩልን አያቶች ለልጅ ክፉ አስበው አላደረጉትም፤ ነገር ግን ዛሬ የታወቀውን እነርሱም በጊዜያቸው ቢያውቁት ኖሮ ባላደረጉት ነበር። ስለዚህ ከዚህ በላይ ከተነገረው ጋራ የሚስማማውን፤ ሐኪሞችም የሚመክሩትን ጥቂት ነገር ለእናቶችና ለአባቶች እናስታውሳለን።

1ኛ፤ ያረገዘች ሴት ከወትሮው አብልጣ ትመገብ፤ ከከባድ ሥራም ትረፍ። ይህ የባልም ግዴታ ነው።

2ኛ፤ ሕፃኑ እንደ ተወለደ እንገሩን ይጥባ። እስከ ስድስት ወርም ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አይቅመስ፤ ውኃም ቢሆን።

3ኛ፤ ከስድስት ወር በኋላ ጡቱን ሳይተው ወፈር ያለ ገንፎ፤ ከጥራጥሬ፤ ከእንቍላል፤ ከወተትና ከአትክልት ጋራ ይዠምር። ቀጭን አጥሚት ሆድን ይሞላል እንጂ ሰውነትን አይገነባም። ምግቡ ለየጊዜው ይሠራ፤ ያደረ አይሰጠው።

4ኛ፤ ምግብ ከማዘጋጀት በፊት፤ ሕፃኑን ከማብላት በፊት፤ ከመጸዳጃ በኋላና የሕፃኑን ዐይነ ምድር ካጸዱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። የሕፃን ዐይነ ምድር ጕዳት የለውም የሚለው አሳብ ስሕተት ነው፤ ወደ መጸዳጃ ጕድጓድ ይጣል።

5ኛ፤ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚሞተው ይበልጡን ከሰውነቱ ውኃና ጨው ስለሚያልቅ ነው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን፤ በውኃ የሚበጠበጠውን ኦ.አር.ኤስ. የተባለውን መድኃኒት ቶሎ መስጠት ይገባል። እርሱ እስኪገኝ ድረስ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ሳይከመር በልኩ ተሰፍሮ፤ በጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ነው። ጨው ከልኩ ቢበዛ ይጐዳልና ጥንቃቄ ያሻል።

6ኛ፤ ሕፃኑ ሲታመም ጡትም ምግብም አይከልከል። ከዳነ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ አንድ ገበታ ይጨመርለት፤ ያ የቆመው መሥመር እንደገና የሚነሣው በዚህ ነውና።

7ኛ፤ ዐይኑ የጐደጐደ፤ መጠጣት ያቃተው፤ የደነገዘ፤ ደም የሚያስቀምጠው፤ ወይም የጠጣውን ሁሉ የሚያስታውከው ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። ክትባቱም በጊዜው ይፈጸምለት። ሮታቫይረስ የተባለውን የተቅማጥ ጠንቅ የሚከላከለው ክትባት ከ2013 ዓ.ም. ዠምሮ በአገራችን ይሰጣል።

እናቲቱ ግን ይህን ሁሉ ብቻዋን ልትፈጽመው አትችልም። ውኃው ከሩቅ ምንጭ የሚቀዳ፤ መጸዳጃው ያልተቈፈረ፤ ሳሙናው ያልተገዛ ሲሆን «እጅሽን ታጠቢ» ብሎ መምከር ብቻ ሸክሙን በአንድ ትከሻ ላይ መጣል ነው። አባት ጕድጓዱን ይቈፍር፤ መንደርተኛው ምንጩን ያጥር፤ ጎረቤትም ሐሜቱን ትቶ ገንፎውን ለማዘጋጀት ያግዝ። የከሳ ሕፃን ያየን ጊዜ «ምን በላ?» ብለን ብቻ ሳንቀር፤ «ምን ጠጣ? መቼ ታመመ? ስንት ጊዜስ ታመመ?» ብለን መጠየቅ እንልመድ። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው እናቲቱን ከመውቀስ ይልቅ የሚረዳበትን መንገድ ያገኛል።